ከንቲባ የሌለው ከተማ

ጥያቄ፦ እህቴ አሜሪካ ሲልቨር ስፕሪንግ የሚባል ቦታ ነው የምትኖረው። ሰው ሲጠይቀኝ «ዋሽንግተን ናት» እላለሁ፤ እሷ ደግሞ «ኧረ እኔ ሜሪላንድ ነኝ» ትለኛለች። ሰሞኑን ስንደዋወል «ከተማችን ከንቲባ የለውም» አለችኝ፤ አላመንኳትም። እውነት ነው? ደግሞስ ያ ሁሉ ሐበሻ እዚያ እንዴት ተሰበሰበ? (ከአያት)

መልስ፦ እህትሽ ልክ ናት። ሲልቨር ስፕሪንግ ከንቲባም የከተማ ምክር ቤትም የለውም። በሕግ ራሱን የቻለ ከተማ ሆኖ ተቋቁሞ አያውቅም። የሚያስተዳድረው ሞንትጎመሪ ካውንቲ ነው (ካውንቲ በክፍለ ግዛት ሥር ያለ፣ እንደኛ ዞን ያለ አስተዳደር ነው)፣ የካውንቲው መቀመጫም ሮክቪል። በ2020 ቆጠራ ግን 81,015 ሰው ተቆጥሮበታል (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆቹ ነው የምጽፍልሽ)። ጎረቤቱ ታኮማ ፓርክ ከሱ በጣም ያነሰ ሆኖ የራሱ ከንቲባ አለው፤ እንዲያውም ከ1990ዎቹ ጀምሮ ዜግነት የሌላቸው ነዋሪዎቹም በከተማው ምርጫ ድምፅ ይሰጣሉ። «ዋሽንግተን» ማለትሽም ያን ያህል አያስወቅስሽም። ኢስተርን አቬኑ የሚባለውን መንገድ ከተሻገርሽ ዋና ከተማው ውስጥ ነሽ።

ስሙ የመጣው ከምንጭ ነው። ፍራንሲስ ፕሬስተን ብሌየር የሚባል ጋዜጠኛ ነበር፤ የፕሬዚዳንት አንድሪው ጃክሰን የቅርብ አማካሪ። በ1840 አካባቢውን በፈረስ ሲያይ አሸዋው እንደ ብር የሚያብረቀርቅ ምንጭ አገኘ። የሚያብረቀርቀው ሚካ የሚባል ማዕድን ነው። እዚያው ቤት ሠራና ቦታውን በምንጩ ሰየመው። በ1864 በእርስ በርስ ጦርነቱ የደቡብ ጦር ዋሽንግተንን ሊያጠቃ ሲመጣ የሰፈረው እዚሁ ነው። ምንጩ ዛሬ ደርቋል፤ ቦታው ላይ ጣሪያው የባሉጥ ፍሬ የሚመስል ዳስ ያለበት ትንሽ መናፈሻ አለ።

እኔ ግን ስለ ሲልቨር ስፕሪንግ ስጠየቅ ከምንጩ ይልቅ የቤት ውሉን ነው ማንሳት የምወደው፤ ምክንያቱም ያንን ካላወቅሽ ዛሬ እህትሽ የምታየውን ሰፈር አታውቂውም። በ1873 ባቡር መጣ። ከ1920ዎቹ ጀምሮ እነ ብሩክ ሊ የሚባሉ የመሬት ነጋዴዎች የእርሻ መሬቱን እየሸነሸኑ ለመንግሥት ሠራተኞች ቤት መሥሪያ ይሸጡ ጀመር። ሽያጩ ውስጥ አንድ አንቀጽ ይገባ ነበር። ቤቱ ለጥቁር አይሸጥም፣ አይከራይም፣ ጥቁር አይኖርበትም፣ የቤት ሠራተኛ ካልሆነ በስተቀር። ቀን ቀን የነጭ ልጅ አሳድገሽ፣ ምግብ አብስለሽ መዋል ትችያለሽ፤ በራስሽ ስም ግን አንዲት ክፍል መከራየት አትችይም። ይኼ በሹክሹክታ የሚኬድበት ልማድ እንዳይመስልሽ፣ ሰነድ ላይ ተጽፎ፣ ተፈርሞ፣ መንግሥት መዝገብ ቤት ገብቶ የተቀመጠ ነገር ነው።

በባቡር ሐዲዱ ማዶ ሊተንስቪል የሚባል የጥቁሮች ሰፈር ነበር፣ አሁንም አለ። በ1853 ሳሙኤል ሊተን የሚባል ነፃ ጥቁር ሰው መሬት ገዝቶ ነው የጀመረው፤ ከእነ ብሩክ ሊ በብዙ ዓመት ይቀድማል ማለት ነው። ሆኖም አስፋልትና የቧንቧ ውሃ እስከ 1960ዎቹ ድረስ ሳይደርሰው ቆየ። ሁለቱን ሰፈሮች የሚያገናኘው በ1918 የተሠራ፣ አንድ መኪና ብቻ የሚያሳልፍ የታልበት አቬኑ ድልድይ ነበር። የተሠራውም ከአሮጌ የባቡር ማዞሪያ ብረት ነው። የሊተንስቪል ሰዎች ለሥራና ለገበያ የሚሻገሩት በሱ ነበር። በ2019 ለአዲስ የባቡር መስመር ተብሎ ሲነሳ ነዋሪዎቹ ተሰብስበው ተሰናበቱት፤ ገሚሱ ብረት ለመታሰቢያ እንዲቀር ተደርጓል።

በ1948 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ እንዲህ ያለውን አንቀጽ ፍርድ ቤቶች ማስፈጸም አይችሉም አለ። አድልዎውን ራሱን የከለከለው ሕግ ግን የወጣው በ1968 ነው፣ ማርቲን ሉተር ኪንግ በተገደለ በሳምንቱ። ሃያ ዓመት ሙሉ ማለት ነው! በዚያ መሀል አከራይ «ተይዟል» ብሎ በር ይዘጋ ነበር።

ከዚያ በ1978 ሜትሮ የሚባለው የዋሽንግተን የከተማ ባቡር ገባ። እስከ 1990 ድረስ መስመሩ የሚያበቃው እዚያው ነበር፤ ያንቺም ሰፈር የባቡር መጨረሻ ስለሆነ ይኼ ምን እንደሚለውጥ ላንቺ አልነግርሽም። በዚያው ጊዜ ገበያተኛው ወደ ትልልቅ የገበያ ማዕከሎች እየሸሸ ነበር፣ የመሀሉ ሱቆች ባዶ ቀሩ፣ ኪራይ ረከሰ። የእኛ ሰዎች የደረሱት እዚህ ላይ ነው። ከአብዮቱ በኋላ የወጡት መጀመሪያ የሰፈሩት ዋሽንግተን ውስጥ አዳምስ ሞርጋን ነበር፣ ኋላም ዩ ስትሪት አካባቢ። እዚያ ቤት ሲወደድና ልጅ ትምህርት ቤት ሲገባ ብዙዎቹ ባቡሩን ተከትለው ወጡ፤ በዲቪ የመጣውም ዘመድ ያለበት አረፈ። ዛሬ ፌንተን ስትሪትና ጆርጂያ አቬኑ ላይ በግዕዝ ፊደል የተጻፈ ማስታወቂያ ታያለሽ። ካውንቲው ከ2012 ጀምሮ ከጎንደር ጋር እህትማማች ነው።

አሁን ያስፈራኝ ነገር የኪራይ መወደድ ነው። መሀሉ ታድሶ አምሯል፣ ትልልቅ ሕንፃ በዝቷል፤ ሐበሻውን ያመጣው ርካሽ ቤት ግን ያኔ እንደነበረው አይገኝም። እህትሽን ስንት እንደምትከፍል ጠይቂያት።

ጥያቄ፦ ልጃችን እዚያው ሲልቨር ስፕሪንግ ልትወልድ ነው። ባለቤቴ ልታርሳት ትሄዳለች፣ ስድስት ወርም ትቆያለች። መኪና አትነዳም፣ እንግሊዝኛም አትችልም። ቤት ውስጥ ተዘግቶባት እንዳትጨነቅ እፈራለሁ። (ከቱሉ ዲምቱ)

መልስ፦ ጋሼ፣ እንኳን ለዚህ አበቃዎት። ስጋትዎ ከባዶ የመጣ አይደለም፤ ስንት እናት ናት በመስኮት ሰው ስትፈልግ ወራቱን የገፋችው። ነገሩ የሚወሰነው ልጅዎ በምትኖርበት ቦታ ነው። «ሲልቨር ስፕሪንግ» የሚለው የፖስታ አድራሻ ከሜትሮ ጣቢያው ርቆ እስከ ሰሜን ይዘልቃል። ጣቢያው አጠገብ ከሆነች ባለቤትዎ በእግራቸው ወጥተው ሱቅ ይደርሳሉ፣ አማርኛ የሚናገር ሰውም አያጡም። ራቅ ካለ ግን ያለ መኪና ወተት መግዛት እንኳ ይቸግራል።

እንግዲህ «ከቤትሽ እስከ ሜትሮ በእግር ስንት ደቂቃ ነው?» ይበሏት። ራይድ ኦን የሚባል የካውንቲው አውቶቡስ አለ፤ በደጇ ያልፍ እንደሆነ፣ እሁድም ይሠራ እንደሆነ ታጣራ። ባለቤትዎ 65 ዓመት ከሞላቸው ሜትሮ ላይ በግማሽ ዋጋ የሚያስሄድ ካርድ ስላለ ገና እንደገቡ ታውጣላቸው። መንገዱንም ብቻቸውን ከመሞከራቸው በፊት ሁለት ሦስቴ አብራቸው ትሂድ። ቤተ ክርስቲያን የሚያደርሳቸው ጎረቤት ካለም ከአሁኑ ትነጋገር። መውለጃዋ ክረምታቸው ላይ ከዋለ ደግሞ ጋቢው ብቻ አይበቃም፣ ወፍራም ካፖርትና የማያንሸራትት ጫማ እዚያው ገዝታ ትጠብቃቸው።