ጋሽ ካሴትን ጠይቁት፦ ፊልም ሆዳችንን የሚያባባው በምንድን ነው?

ጋሽ ካሴት፦ እሺ ልጆች፣ ቃል በገባሁት መሠረት ቁጭ ብያለሁ። ዛሬ ሠርግ የለኝም፣ መብራትም አለ። ፊልም ሰውን እንዴት እንደሚያስለቅስ፣ እንደሚያስፈራ፣ እንደሚያሞኝ መጠየቅ የምትፈልጉ ጠይቁ። ለማታውቁኝ፣ ባሕር ዳር ውስጥ ድምፅ ስቀዳና ፊልም ሳቀናብር ሃያ ዓመት አልፎኛል። ስሙ የወጣልኝ በካሴት ዘመን ነው። ከመጀመራችን በፊት ሁለት ነገር ልበል። የትኛውን ካሜራ ልግዛ ብሎ የሚጠይቀኝ መልስ አያገኝም። ሌላው፣ የትም ቦታ ቀርጻችሁ ስትጨርሱ ሁሉንም ሰው ዝም አሰኙና የቦታውን ጸጥታ 30 ሰከንድ ቅዱ። ለምን እንደሆነ በኋላ እነግራችኋለሁ፣ አሁን ብቻ እመኑኝ።

የቀበሌ 14 ልጅ፦ ጋሼ ሰላም ነው? ለጀማሪ የትኛው ካሜራ ነው አሪፍ?

ጋሽ ካሴት፦ ከላይ የጻፍኩትን አንብበኸዋል?

ማርዬ፦ እንደምን ዋልክ ጋሼ። አጭር ፊልም እየሠራን ነው። እናት የልጇን መርዶ የምትሰማበት ትዕይንት አለ። ተዋናይቷ ጎበዝ ናት፣ ከልቧ ታለቅሳለች። ግን ያየው ሰው ሁሉ ምንም አልተሰማኝም ይላል። ማሲንቆም ጨመርንበት፣ ለውጥ የለም። ምን ጎደለው?

ጋሽ ካሴት፦ ምንም አልጎደለውም፣ በዝቶበታል እንጂ። ይኼን ጥያቄ ስጠብቅ ነበር። እኔም በጀማሪነቴ ይህንኑ ሠርቻለሁ። ሴትዮዋ ቡና እያፈላች ነው፣ ጎረቤቷ መጥታ በር ላይ ትቆማለች። እኔ ሆዬ ገና ጎረቤቷ ደፉን ሳታልፍ በትዝታ ቅኝት ማሲንቆ ለቀቅኩበት። ለአክስቴ አሳየኋት። አክስቴ ፊልም የምታየው ዳንቴል እየሠራች ነው። ቀና እንኳ ሳትል «ማን ሞተ?» አለችኝ። ገና ማንም ምንም አልተናገረም እኮ! ማሲንቆው ቀድሞ አረዳት። ከዚያ በኋላ ሴትዮዋ ብታለቅስ ባታለቅስ፣ አክስቴ አልቅሳ ተጽናንታ ጨርሳለች።

ማታውኑ ማሲንቆውን አወጣሁት። ለቅሶውንም ከግማሽ በላይ ቆረጥኩት። የቀረው ጀበናው ነው። ጎረቤቷ ተናግራ ስትጨርስ ሴትዮዋ ዝም ትላለች። ጀበናው ይገነፍላል፣ ፍሙ ላይ እየፈሰሰ ቸስ ቸስ ይላል፣ የሚያነሣው የለም። ከአሥር ሰከንድ ትንሽ ቢበልጥ ነው። አክስቴ ዳንቴሏን አስቀመጠችው። «ኧረ ጀበናውን አንሡላት!» አለች፣ ዓይኗ እንባ ሞልቶ።

ቡና የምታፈላ ሴት ጀበና ሲገነፍል ዝም እንደማትል እዚህ አገር ያደገ ሁሉ ያውቃል። ስለዚህ ይህች ሴት አሁን እዚህ የለችም ብሎ ተመልካቹ ራሱ ይደርስበታል። ሰው ራሱ የደረሰበት ነገር ያመዋል፣ የነገርሽውን ግን ሰምቶ ያልፈዋል። በይ ማሲንቆውን አውጪና ሞክሪው።

ሶስና ከግሽ ዓባይ፦ አልስማማም። ጋሼ አንተ ሙዚቃ ስለማትወድ ነው። የዳይሬክተሩ የሂችኮክ «ሳይኮ» ፊልም ላይ ያለው የመታጠቢያ ቤት ግድያ ያለ ሙዚቃ ምን ይሆን ነበር?

ጋሽ ካሴት፦ ጥሩ ይዘሽኛል። እንዲያውም አንቺን የሚረዳ ነገር ልጨምርልሽ። ፊልሙ በ1960 እ.ኤ.አ. የወጣ ነው። ሂችኮክ ያ ትዕይንት ያለ ሙዚቃ እንዲሆን ነበር የፈለገው። ሙዚቀኛው በርናርድ ኸርማን ግን ሠርቶ አሰማውና ሰውዬው ሐሳቡን ቀየረ። ቫዮሊንና ዘመዶቹ ብቻ ናቸው፤ ከበሮ የለ፣ ጡሩምባ የለ። ግን መቼ እንደሚገባ ልብ በዪ። መጋረጃው ሲገፈፍ ነው። እስከዚያ የምትሰሚው የውኃውን መውረድ ብቻ ነው። ከቢላው ጋር እኩል ገባ እንጂ ቀድሞ አላረዳሽም። ከእኔ ማሲንቆ ጋር አታወዳድሪብኝ።

ታንኳ፦ ገጠር ሲታይ ዋሽንት ግን ግድ ነው አይደል?

ጋሽ ካሴት፦ ማነው ግድ ያለው? ሰባታሚት አካባቢ ሦስት ቀን ቀርጫለሁ። የሰማሁት የውኃ መሳቢያ ሞተር፣ ሬዲዮና ውሻ ነው። ዋሽንት የሰማሁት ቤቴ ገብቼ ፊልም ስከፍት ነው።

ታንኳ፦ 😂😂

ቢንቢ፦ ፊልም አሪፍ እንዲሆን ምን ያስፈልጋል?

ጋሽ ካሴት፦ ጥያቄህን አጥብበህ ተመለስ።

አቡሽ፦ ጋሼ የእኔ ዋና ተዋናይ ፊቱ አይንቀሳቀስም። እንጨት ነው በቃ። ግን አጎቴ ስለሆነና ብሩንም የሰጠን እሱ ስለሆነ መቀየር አልችልም።

ጋሽ ካሴት፦ አጎትህን አትንካው፣ እንጨት ፊት ሀብት ነው። ከመቶ ዓመት በፊት ገደማ ሌቭ ኩሌሾቭ የሚባል ሩሲያዊ ፊልም ሠሪ የአንድን ተዋናይ ፊት ወሰደ፣ ኢቫን ሞዡኪን ይባላል ተዋናዩ። ምንም ስሜት የማያሳይ ፊት ነው። ያንኑ ፊት አንዴ ከሾርባ ሳህን ጋር ቀጠለው፣ አንዴ ሬሳ ሣጥን ውስጥ ካለች ልጅ ጋር፣ አንዴ ከቆንጆ ሴት ጋር። ያዩት ሰዎች ሲርበው፣ ሲያዝን፣ ሲመኝ አየነው ብለው ትወናውን አደነቁ ይባላል። ፊቱ ግን አንድ ነበር! ፊልሙ ራሱ ዛሬ የለም፣ ወሬው ነው የደረሰን። ብልሃቱን ግን እኔ ራሴ ሠርግ ላይ በየሳምንቱ አየዋለሁ። የሙሽራዋ አባት ድካም ይዞት ዝም ብሎ ተቀምጧል። ሙሽራዋ ከቤት ስትወጣ ካለው ምስል ቀጥሎ ሳስገባው ቤተሰቡ በሙሉ ያለቅሳል። ሰውዬው እኮ ጫማው ጠቦት ነው!

ስለዚህ አጎትህን ዝም አሰኘው። ፊቱን ቅረጽ፣ ቀጥሎ የሚያየውን ነገር አሳየን። የቀረውን እኛ እንሞላዋለን። አደራ፣ «አዘንኩ» የሚል ንግግር እንዳታስገባበት።

የቀበሌ 14 ልጅ፦ ይኼ ግን ማታለል አይሆንም?

ጋሽ ካሴት፦ ይሆናል። ሠርግ ላይ ማንም ከስሶኝ አያውቅም።

ቡና ከዘጌ፦ ጋሼ፣ አስፈሪ ፊልም ልንሠራ ነው። ሁለት ልጆች ታንኳ ላይ ሆነው ጉማሬ ይመጣባቸዋል። ጉማሬው ድንገት ብቅ ቢል ይሻላል?

ጋሽ ካሴት፦ ድንገት ብቅ ካለ ሰው አንዴ ክው ይላል፣ ከዚያ ይስቃል። ሂችኮክ የሚሰጠው ምሳሌ አለ። ሰዎች ጠረጴዛ ከበው ያወራሉ፣ ከሥር ቦንብ አለ። ሳናውቅ ቢፈነዳ 15 ሰከንድ እንደነግጣለን። ቦንቡን አስቀድመን ካየነው ግን ያ ተራ ወሬያቸው 15 ደቂቃ ሙሉ ያስጨንቀናል። ልጆቹ ስለ ፈተና ውጤት ያውሩ። እኛ ብቻ ከኋላቸው ውኃው ሲያብጥ እንይ። ወፎቹ ከደንገሉ ውስጥ ግር ብለው ይነሡ። ልጆቹ ዞር አይበሉ።

ደግሞስ ጉማሬ ከየት ታመጣለህ? «ጆውስ» የሚባለው የሻርክ ፊልም፣ 1975 እ.ኤ.አ.፣ በማሽን የተሠራው ሻርክ ባሕር ውስጥ እየተበላሸ አስቸገራቸው። ዳይሬክተሩ ስፒልበርግ ቸግሮት ደበቀው። በሻርኩ ፈንታ የጆን ዊልያምስ ሁለት ኖታ መጣ፣ ዱ-ደም፣ ዱ-ደም። ሰው እስከ ዛሬ የሚፈራው እሱን ነው። ሙዚቃ አይወድም ያልሽው ሶስና፣ ይኸው ወደድኩ።

ሰባታሚት፦ ጉማሬ ደግሞ በቀን አይተናኮልም፣ ፊልሙ ውሸት ይሆናል።

ቡና ከዘጌ፦ ማን አለህ? በቀን ነው ታንኳ የሚገለብጠው!

ሰባታሚት፦ ዓባይ ከጣና በሚወጣበት በኩል ነው ያደግኩት፣ እኔን ታስተምረኛለህ?

ቡና ከዘጌ፦ እኔ በጀልባ እየተመላለስኩ ነው የተማርኩት ወንድሜ።

ጋሽ ካሴት፦ የጉማሬ ቡድን ለብቻው ክፈቱ። ብቻ ሲመሽ ዳር ላይ ካሜራ ተክላችሁ እንዳትቀመጡ። ይኼ ስለ ፊልም አይደለም፣ ስለ እግራችሁ ነው።

ሊሊ፦ ካሜራ ከታች ወደ ላይ ሲሆን ሰውዬው ኃይለኛ ይመስላል፣ ከላይ ወደ ታች ሲሆን ደካማ ይባላል። ሁልጊዜ ይሠራል?

ጋሽ ካሴት፦ ብዙ ጊዜ። ሁልጊዜ አይሠራም። ሕፃን ልጅ አባቱን ከታች ሆኖ ሲያይ ፍቅርም ሊሆን ይችላል፣ ከፊትና ከኋላው ያለው ይወስነዋል። በዚህ ነገር የቆየ እውቀት ከፈለግሽ ዘጌ ሂጂ። ዑራ ኪዳነ ምሕረት ግድግዳው ላይ ያለውን ሥዕል እዪ። ጻድቁ ፊት ለፊት በሁለት ዓይኑ ያይሻል። ክፉው በጎን ነው የሚሣለው፣ አንድ ዓይኑ ብቻ ነው የሚታየው። ማንበብ የማይችል ሰው እንኳ ማን ማን እንደሆነ ወዲያው ያውቃል። እኔ ክፉ ሰው ስቀርጽ አንድ ጎኑን ጨለማ አደርገዋለሁ። ከየት ተማርከው ቢሉኝ ከዘጌ ነው።

ዲያቆኑ፦ ይቅርታ ጋሽ ካሴት፣ ይኼ ንጽጽር ልክ አይመስለኝም። ሥዕሉ ለጸሎትና ለትምህርት ነው፣ ስሜት ለመቀስቀስ አይደለም። ሣዩ የሚከተለው ሥርዓት አለው።

ሊሊ፦ ግን ትንሽ ልጅ ሆኜ ያን አንድ ዓይን ሳይ እፈራ ነበር።

ዲያቆኑ፦ መፍራትሽ ሌላ፣ የሥዕሉ ዓላማ ሌላ።

ሶስና ከግሽ ዓባይ፦ ከፈራች ሠርቷል ማለት ነው።

ጋሽ ካሴት፦ ዲያቆን፣ ስለ ዓላማው ልክ ነህ፣ እቀበላለሁ። እኔ የተናገርኩት ዓይን እንዴት እንደሚመራ ነው። እዚህ ላይ እናቁመው።

ኪያ፦ ስሎውሞሽን ስሠራ ምስሉ ይንቀጠቀጣል።

ጋሽ ካሴት፦ በሰከንድ 24 ፍሬም፣ ማለትም 24 ነጠላ ምስል፣ ቀርጸህ ኮምፒውተር ላይ ስለምትለጥጠው ነው። ከመጀመሪያው በ60 ወይም ከዚያ በላይ ቅረጽ። ደግሞ ሰው ሲሮጥ ሁሉ ስሎው አታድርግ፣ በእናትህ።

ዮናስ፦ የጣና ፀሐይ መጥለቂያ ላይ የፍቅር ትዕይንት?

ጋሽ ካሴት፦ ሁሉም ቀርጾታል። እምቢ ካልክ ቀድመህ ተለማመድ። ለምድር ወገብ ቅርብ ስለሆንን ቶሎ ነው የሚጨልመው።

ዮናስ፦ ድሮን ቢኖርስ?

ጋሽ ካሴት፦ ያለ ፈቃድ አታንሣ። ቀጣይ።

የማርዬ እናት፦ ጤና ይስጥልኝ። እኔ የማየው በአማርኛ የተመለሱትን የቱርክ ድራማዎች ነው። ልጄ ሁሌ ትስቅብኛለች። ሰውየው ሴትዮዋን አምስት ደቂቃ ሲያያት ለምን እንደማለቅስ ይንገሩኝ።

ጋሽ ካሴት፦ እትዬ፣ ጤና ይስጥልኝ። አይሳቅብዎትም። ሁለቱ የማያውቁትን እርስዎ ስለሚያውቁ ነው፤ በእነሱ መሃል ምሥጢሩን ይዘው የተቀመጡት እርስዎ ነዎት። ፊት በቅርብና ለረጅም ጊዜ ሲታይ ደግሞ ሰው ዘመድ ይሆናል። ስለ ሙዚቃው ብዛት ግን ባልናገር ይሻላል።

ሶስና ከግሽ ዓባይ፦ አየህ፣ በሙዚቃ ነው የምታለቅሰው።

ጋሽ ካሴት፦ አላልኩም።

ታንኳ፦ ጢስ ዓባይ ድረስ ሄደን ቀረጽን። ምስሉ አሪፍ ነው። ድምፁ ግን ፏፏቴ አይመስልም፣ ቻናል የሌለው ቴሌቪዥን ነው የሚመስለው።

ጋሽ ካሴት፦ እውነትህን ነው፣ እኔንም ጉድ ሠርቶኛል። 30 ኪሎ ሜትር ሄጄ፣ ማይክ ደግኜ፣ ሽሽሽሽ ብቻ ይዤ ተመለስኩ። ፏፏቴ ቀጭኑንም ወፍራሙንም ድምፅ አንድ ላይ ነው የሚለቀው፣ ጆሮ የሚይዘው ነገር ያጣል። እዚያ ስትቆም ትልቅነቱ የሚሰማህ በደረትህ፣ ፊትህን በሚያርሰው ጭጋግ፣ በዓይንህም ጭምር ነው። ማይክ ደረት የለውም።

መፍትሔው ትንንሽ ነገር መቅዳት ነው። ከቅጠል ጠብ የሚለውን ውኃ በቅርብ፣ ጭቃው ላይ ጫማ ሲጣበቅና ሲላቀቅ። ሽሽሽውን ከሥር ዝቅ አድርገህ አንጥፈው። ከሁሉ በላይ ተዋናዮቹ ይጩኹ! ሁለት ሰዎች ጎን ለጎን ቆመው ለመሰማማት ሲጮኹ ያየ ሰው ፏፏቴው ምን ያህል እንደሆነ ማንም ሳይነግረው ይገባዋል። አብዛኞቻችሁ ግን ንግግሩን ስቱዲዮ ውስጥ በሹክሹክታ ታስቀርጹና ፏፏቴው ፖስተር ይሆናል።

የታንኳ ላይ ንግግርም እንዲሁ ነው። ሐይቁ ላይ በተለይ ከሰዓት በኋላ ነፋሱ አያስቀርጽም። ቤት ገብታችሁ ብርድ ልብስ ሰቅላችሁ ንግግሩን ድገሙት። ቀዘፋውን ሳፋ ውስጥ በእጃችሁ ሥሩት። የደንገሉን ድምፅ እኔ በደረቅ የበቆሎ ልጣጭ ነው የማወጣው፣ ከእውነተኛው ታንኳ የበለጠ ታንኳ ይመስላል። የዚህ ሙያ ስም ራሱ ፎሊ ነው፣ ጃክ ፎሊ በሚባል አሜሪካዊ ነው የተሰየመው። ድምፅ ወደ ፊልም ሲገባ የእግር ኮቴውን፣ የልብሱን ኮሽታ ምስሉን እያየ ይሠራ የነበረ ሰው ነው።

ቢንቢ፦ አጥብቤዋለሁ ጋሼ። ፊልም አሪፍ እንዲሆን ከሙዚቃና ከካሜራ የትኛው ይበልጣል?

ጋሽ ካሴት፦ ወንበር። ቁጭ ብለህ የራስህን ፊልም መጀመሪያ ድምፁን ዘግተህ እየው። ቀጥሎ ጀርባህን አዙረህ ስማው። የትኛው ላይ እንደሰለቸህ ጻፍልኝና ያኔ እናወራለን።

የቀበሌ 14 ልጅ፦ ጋሼ ቢያንስ በስልክ መቅረጽ ይቻላል ወይ?

ጋሽ ካሴት፦ ይቻላል። ሦስተኛ ካሜራ ጥያቄህ ነው፣ እየቆጠርኩ ነው።

ፍቅርተ፦ ይቅርታ ዘግይቼ ነው። ዛሬ ጠዋት የጓደኛዬ ቤት ቀርጸን አሁን እያቀናበርኩ ነው። ሁለት ሰዎች ያወራሉ። በመሃል ዝም ሲሉ የማያስፈልገውን ድምፅ ቆርጬ አወጣሁት፣ ግን እዚያ ቦታ ላይ ጆሮዬ የተደፈነ ይመስለኛል። ትዕይንቱ ይሞትብኛል። ምን አጠፋሁ?

ጋሽ ካሴት፦ ይኸውልሽ። ዝም ያለ ክፍል ዝም አይልም። ፍሪጅ አለ፣ የሩቅ ባጃጅ አለ፣ ቆርቆሮው ፀሐይ ሲመታው ጠቅ ጠቅ ይላል። ያንን ቆርጠሽ ባዶ ስትተዪው ተመልካቹ ምክንያቱን ሳያውቅ ከታሪኩ ይወጣል። ቀዳዳውን የምትደፍኚው በዚያው ክፍል ጸጥታ ነው። 30 ሰከንዱን ቀድተሻል?

ፍቅርተ፦ ...አልቀዳሁም።

ጋሽ ካሴት፦ ጓደኛሽ ቤት ናት?

ፍቅርተ፦ አለች።

ጋሽ ካሴት፦ ተመለሺና ቅጂ። ፍሪጁን እንዳትነቅዪው።