ስኳርና ደም ግፊት ላለበት ሰው ዱሪያን ይፈቀዳል?

ጥያቄ፦ 52 ዓመቴ ነው፤ ለሥራ ማሌዥያ እኖራለሁ። ለስኳር ሜትፎርሚን፣ ለደም ግፊት ኢናላፕሪል እወስዳለሁ። ዱሪያን የሚባለው እሾሃማ ፍሬ ሽታው መጀመሪያ ቢያስጠላኝም አሁን ወድጄዋለሁ። መብላት እችላለሁ? ከቢራ ጋር ይገድላል የሚባለውስ እውነት ነው?

መልስ፦ ሽታው የሚመጣው ድኝ ካለባቸው ውህዶች ነው፤ አይጎዳዎትም። እርስዎን የሚያሰጋው መጠኑ ነው። ዘሩ ወጥቶ የተመዘነ 100 ግራም ዱሪያን 27 ግራም ያህል ካርቦሃይድሬት አለው፤ ከ100 ግራም የበሰለ ሩዝ ጋር ይቀራረባል። ሩዝ ግን ሰሃን ላይ ልኩ ይታያል፤ ዱሪያን እየተፈለቀቀ ስለሚበላ 300 ግራም ሳይታወቅዎት ያልቃል። ስለዚህ በአንድ ጊዜ ከ50 ግራም አይለፉ፤ በዚያ ማዕድ ሩዙን በዚያው ልክ ይቀንሱ። መብላት ከጀመሩ ከ2 ሰዓት በኋላ ስኳርዎን ይለኩ። ከ180 (እዚያ ባለው መለኪያ ከ10 ሚሊሞል) ካለፈ ያ መጠን በዝቶብዎታል።

የበለጠ የሚያሳስበኝ ኩላሊትዎ ነው። 100 ግራም ዱሪያን ከ400 ሚሊግራም በላይ ፖታሲየም አለው። ኢናላፕሪል ደግሞ ኩላሊት ፖታሲየምን በደንብ እንዳያስወግድ ያደርጋል፤ ስኳር የቆየበት ሰው ኩላሊቱ ሳያውቀው ተዳክሞ ሊሆን ይችላል። ፖታሲየም በደም ውስጥ ሲከማች የልብን ምት ያዛባል፤ ብዙ ጊዜም ቀድሞ ምልክት አይሰጥም። ክሬአቲኒን (የኩላሊትን አሠራር የሚያሳይ የደም ምርመራ) እና ፖታሲየም ሳይመረመሩ አንድም ፍልቃቂ አይቅመሱ። ኩላሊትዎ ደክሞ ከተገኘ ወይም ፖታሲየምዎ ከፍ ካለ፣ ይተዉት።

ቢራውን በተመለከተ፣ ይገድላል የሚለው አልተረጋገጠም። ነገር ግን በላቦራቶሪ ሙከራ የዱሪያን ድኝ ውህዶች ጉበት የአልኮልን መርዛማ ቅሪት የሚያጠፋበትን ኢንዛይም ሲያዳክሙ ታይቷል። ፊት መቅላት፣ የልብ ምት መፍጠንና ማስመለስ ሊከተሉ ይችላሉ። ሜትፎርሚን የሚወስድ ሰው አልኮል ሲያበዛ ደሙ ውስጥ ላክቲክ አሲድ ሊከማችበት ስለሚችል፣ ዱሪያንንና ቢራን በአንድ ቀን አያገናኙ።

ዘሩን ጥሬውን አይብሉ፤ የሚበላው ተቀቅሎ ወይም ተጠብሶ ነው። የዱሪያን እርሻ ለመጎብኘት ከሄዱም የራስ ቁር ያድርጉ። ማሌዥያ ውስጥ ፍሬው በስሎ ራሱ እስኪወድቅ ነው የሚጠበቀው፤ ከረጅም ዛፍ የሚወርድ ከ1 እስከ 3 ኪሎ የሚመዝን እሾሃማ ፍሬ ጭንቅላት ይሰብራል። የተመታ ሰው ቁስሉ ትንሽ ቢመስልም በአስቸኳይ ሐኪም ቤት ይሂድ።