ወላጆቻችሁ በሙሉ ልቦና ሳሉ

ልጆቼ፣

ብዙ ዓመት በጥብቅና ስሠራ አንጀቴን የበሉኝ ጉዳዮች በወላጅ ሀብት ላይ በወንድማማቾች መካከል የሚነሡት ናቸው። አብዛኞቹ በክፋት አልተጀመሩም። አባት ይታመማሉ፤ ገንዘባቸው ባንክ ተቀምጦ ሳለ ለመድኃኒት የሚከፈል ይታጣል፤ ፊርማቸው በተፈለገ ቀን ደግሞ ልጃቸውን እንኳ መለየት ተስኗቸዋል።

ስለዚህ ወላጆቻችሁ ጉዳያቸውን እንድታስፈጽሙላቸው የሚሰጧችሁን ውክልና አሁን አስጨርሱ። ሰነዶች ማረጋገጫ መሥሪያ ቤት ውክልና የሚመዘግበው ወካዩ፣ ማለትም ውክልናውን የሚሰጡት ወላጅ፣ የሚፈርሙበትን ነገር አውቀው፣ በፈቃዳቸው ሲሰጡ ነው። አእምሮ ከደከመ በኋላ የሚቀረው የሕክምና ማስረጃ ይዞ ፍርድ ቤት መቆምና ሞግዚት ማስሾም ነው፤ ይህም ጊዜና ገንዘብ ይበላል። በ1952 ዓ.ም. በወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ መሠረት ጠቅላላ ውክልና የሚያገለግለው ለማስተዳደር ብቻ ነው፦ ኪራይ ለመሰብሰብ፣ ዕዳ ለመክፈል። ቤት ለመሸጥ ወይም በመያዣ ለመስጠት ልዩ ውክልና ያስፈልጋል። የመሸጥ ሥልጣንን ግን የግድ ካልሆነ አትቀበሉ፤ የወንድሞችን ጥርጣሬ ይጠራል።

ደግሞም ወካዩ ሲሞቱ ወይም በሕግ ችሎታ ሲያጡ፣ ሌላ ስምምነት ካልሠፈረ በቀር፣ ውክልናው ያበቃል። እናቱ ካረፉ በኋላ በድሮው ውክልና ብር ያወጣ ልጅ፣ ለቀብርና ለተዝካር ቢያውለውም እንኳ፣ ክስ ሊመጣበት ይችላል።

ስለዚህ ነገር ማውራት ለብዙ ወላጅ ሟርት ነው። እናንተ ከሞት አትጀምሩ፤ ከጡረታ ደብተሩ ጀምሩ። የቤቱ ካርታ የት ነው? ሰው እጅ ያለ ብድር አለ? የዕድሩን መዋጮ ማን ይከፍላል? እንዲህ እያለ ይፍታታል። ወንድምና እህትም አብረው ይስሙ፤ ለብቻ የተሰማ ነገር ኋላ አይታመንም።

አሁን በጣም ወደሚከነክነኝ ልግባ። በብዙ ቤት አንዷ ሴት ልጅ ሥራዋን ትታ ታስታምማለች፣ ዋሽንግተን ወይም ዱባይ ያለው ብር ይልካል፣ ሌላው በዓል ሲደርስ ብቅ ይላል። ላኪው ይመረቃል፤ ሌሊት ስታገላብጥና ስታጥብ የምታድረው ግን እንደ ግዴታዋ ይቆጠርባታል። የ1992ቱ የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ ለወላጅ ቀለብ የመስጠትን ግዴታ የጣለው በልጆች ሁሉ ላይ እንጂ በአንዷ ላይ አይደለም። የወር አበል ቁረጡላት፤ ካልሆነ አስታማሚ ቅጠሩና ደመወዟን ተካፈሉ። «ለእናት እንዴት ይከፈላል?» የሚል ቢነሣ፣ አንድ ወር ተረክቦ ያስታምም በሉት። የሚወጣው ብርም በደብተር ይጻፍ፤ ደብተሩን ሁሉም ይየው።

ደግሞ ገንዘቡ የእናንተ አይደለም። እማማ ለስለታቸው ወይም ለጎረቤት ልጅ ደብተር መግዣ ልስጥ ካሉ ይስጡ። የት መኖር እንደሚሹ፣ ማን እንዲያጥባቸው እንደሚፈልጉ ከአፋቸው ስሙ፤ የተናገሩትንም በዚያው ደብተር የመጀመሪያ ገጽ ላይ ጻፉት።