የተዳፈነ እሳት፦ በዓይን ብርሃን የማይታይ ብላክ ሆል በኤክስሬይ እንዴት ይታወቃል?

ጥያቄህ ይህ ነው፦ «አንድ ጋላክሲ በኦፕቲካል ስፔክትረሙ (በዓይን የሚታየው ብርሃኑ በየቀለሙ ሲተነተን) ላይ ምንም ምልክት ሳይኖረው፣ ኤክስሬይ ስላወጣ ብቻ መሀሉ ላይ ጋዝ እየዋጠ ያለ ብላክ ሆል አለ ይባላል? ኤክስሬይ የሚያፈልቁ ጥንድ ኮከቦች ቢሆኑስ? ከእንጦጦስ ማየት ይቻላል?»

ጥርጣሬህ ደስ ይላል። እኔንም ለማስተርስ ጽሑፌ ኤንጂሲ 4945ን ስይዝ ያስጨነቀኝ ይኸው ነበር። ጋላክሲው ቅርብ ነው፣ 12 ሚሊዮን የብርሃን ዓመት ገደማ። በዓይን ብርሃን ስታየው አቧራና አዳዲስ ኮከቦች ብቻ ናቸው። 100 ኪሎ ኤሌክትሮን ቮልት (የኤክስሬይ ጉልበት መለኪያ ነው) አካባቢ ግን ከደማቆቹ አክቲቭ ጋላክሲዎች፣ ማለትም መሀላቸው ያለው ብላክ ሆል ጋዝ እየዋጠ ከሚያበራቸው፣ አንዱ ነው። ማታ በአመድ የተዳፈነ ረመጥ አስብ። ላዩ ግራጫ ነው፣ እጅህን ስታስጠጋ ግን ይፈጅሃል።

ስህተቴን ልንገርህ። ከ10 ኪሎ ኤሌክትሮን ቮልት በታች ያለውን ዳታ ብቻ ወስጄ ቀላል ሞዴል ገጠምኩበት። የስፔክትረሙ ቁልቁለት፣ ማለትም ጉልበቱ ሲጨምር ኤክስሬዩ የሚቀንስበት ፍጥነት፣ ለእንዲህ ያሉ ብላክ ሆሎች ብዙ ጊዜ 1.8 አካባቢ ነው፤ የእኔ ከ1 በታች ወጣ። ግድ አልሰጠኝም፣ ድምቀቱን አስልቼ ወደ አማካሪዬ ሮጥኩ። ግራፉን አየና «6.4 ላይ የቆመው ምንድን ነው?» አለኝ። የብረት መስመር ነው፣ ጋዙ ውስጥ ያለው ብረት ኤክስሬይ ሲመታው የሚያወጣው፣ እንደ ግንብ የቆመ! ለካ የለካሁት የብላክ ሆሉን ብርሃን ሳይሆን ከዙሪያው ጋዝ ነጥሮ የመጣውን ነው። ቀጥታ የሚመጣውን ጋዙ ይውጠዋል፤ ሾልኮ የሚያልፈው ከ10 በላይ ያለው ነው። እስከ 79 ኪሎ ኤሌክትሮን ቮልት የምታየው፣ በ2012 (እ.ኤ.አ.) የመጠቀችው የናሳ የኤክስሬይ ቴሌስኮፕ ኑስታር የምትጠቅመው ለዚህ ነው።

ወደ ጥንድ ኮከቦቹ ልመለስ። የአንድ ጋላክሲ ጥንዶች ተደምረው እንኳ በሴኮንድ 10⁴² ኤርግ (ኤርግ የኃይል መለኪያ ነው) የሚደርሱት ከስንት አንዴ ነው፤ ስለዚህ ከዚያ በላይ የደመቀ ጋላክሲ ብላክ ሆልን ያስጠረጥራል። እኔን ያሳመነኝ ግን መዋዠቁ ነው። የኤንጂሲ 4945 ጠንካራ (ከ10 ኪሎ ኤሌክትሮን ቮልት በላይ ያለው) ኤክስሬይ ከአንድ ቀን ባነሰ ጊዜ ውስጥ ከፍ ዝቅ ይላል። ብዙ ጥንዶች ተማክረው አብረው አይደምቁም፣ አብረው አይደበዝዙም።

ደግሞ ሁሉም በአቧራ የተሸፈነ አይምሰልህ። ሩቅ ጋላክሲ ላይ የኮከቦቹ ብርሃን ከመሀሉ ብርሃን ጋር አንድ ላይ ስለሚገባ ምልክቱ ይዋጣል። የመሣሪያችን ችግር እንጂ የጋላክሲው ምሥጢር አይደለም።

እንጦጦ ያሉት ባለ 1 ሜትር ቴሌስኮፖች ለዚህ አይሆኑም። ተራራ ላይ መውጣትም አይረዳም፣ ኤክስሬይን አየሩ ያስቀረዋል። የኑስታርና የሌላዋ የኤክስሬይ ቴሌስኮፕ የቻንድራ ዳታ ግን በናሳ መዝገብ በነፃ አለ። አውርደህ ሞዴል ከመግጠምህ በፊት 6.4 ላይ ዓይንህን ጣል አድርግ። ከተቸገርክ ግራፉን እዚህ ለጥፈው፣ አብረን እናያለን።