ከፓርኪንግ ቡዝ እስከ አየር ዘመቻ ሶፍትዌር

ጥያቄው የመጣው አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ ከሚኖር የ29 ዓመት ወጣት ነው። ማታ ፓርኪንግ ይሠራል፣ ቀን ኮሚኒቲ ኮሌጅ ፕሮግራሚንግ ይማራል። ግሪን ካርድ ካገኘ ሦስት ዓመቱ ነው። የአሜሪካ አየር ኃይል የበረራ ዘመቻዎቹን የሚያቅድበትንና የሚመራበትን ሶፍትዌር ከሚያድሱ ቡድኖች አንዱ ውስጥ መግባት ይፈልጋል። «ስለ አውሮፕላን የማውቀው ተሳፍሬበት የመጣሁትን ብቻ ነው። እናቴ ደሴ ናት፣ በየወሩ ብር እልክላታለሁ። ይሄ አያስጥለኝም ወይ?» ይላል።

ወንድሜ፣ ከአውሮፕላኑ ልጀምር፤ እሱ ቀላሉ ነው።

ኳታር ውስጥ፣ ከዶሃ ወጣ ብሎ፣ አል ኡዴይድ የሚባል የጦር ሰፈር አለ። አሜሪካ በመካከለኛው ምሥራቅ የምታካሂደውን የአየር ዘመቻ የምታቅድበት ማዕከል እዚያ ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 የመከላከያ ሚኒስቴሩን የሚያማክሩ የቴክኖሎጂ ሰዎች ሊጎበኙት ሄዱ። ያዩት ነገር አስደነገጣቸው። ተዋጊ ጄቶች አየር ላይ ነዳጅ የሚሞሉበት ፕሮግራም የሚወጣው ግድግዳ ላይ በተሰቀለ ነጭ ሰሌዳ ነበር። ማግኔት ይለጠፋል፣ በማርከር ይሰመራል፣ ቁጥሩ ኤክሴል ላይ ይመታል። አንድ በረራ ከዘገየ ይጠፋና እንደገና ይሰመራል።

ሥራው ደግሞ ቀላል አይደለም። የአየር ኃይሉ ጄት ነዳጅ የሚቀበለው ከነዳጅ ጫኙ አውሮፕላን በሚወርድ ጠንካራ ዘንግ ነው። የባሕር ኃይሉ ጄት ግን የራሱን አፍንጫ ከኋላ በተንጠለጠለ ቱቦ ጫፍ ላይ ይሰካል። ስለዚህ ማን ከማን እንደሚቀዳ፣ በስንት ሰዓት፣ በየትኛው ከፍታ፣ ስንት ፓውንድ፣ ሁሉም መገጣጠም አለበት።

ለዚያ ማዕከልና ለመሰሎቹ አዲስ ሥርዓት ለመሥራት ለዓመታት የቆየ ትልቅ ፕሮጀክት ነበር። ወጪው እጥፍ ገደማ አብጦ፣ ጊዜውም ተጎትቶ፣ በ2017 ተሰረዘ። በአንጻሩ ጥቂት ፕሮግራመሮች ከነዳጅ አቃጆቹ ጋር ቁጭ ብለው በጥቂት ወራት ውስጥ ጂግሶ የተባለውን መሣሪያ አወጡ። መጀመሪያ ላይ ብዙ ነገር ይጎድለው ነበር። ግን በየሳምንቱ ተጠቃሚዎቹ እየነገሯቸው አስተካከሉት፤ በሳምንት በመቶ ሺዎች ፓውንድ የሚቆጠር ነዳጅም አዳነ። ቦስተን ያለው ኬሰል ረን የተባለው የአየር ኃይሉ የሶፍትዌር ክፍል በዚያው ዓመት የተቋቋመው ይህንኑ አሠራር ይዞ ነው።

እነዚያ ፕሮግራመሮች አብራሪዎች አልነበሩም። ሰሌዳው ፊት ቆመው «ይሄን ማግኔት ለምን አነሳኸው?» ብለው መጠየቅ ግን ያውቁ ነበር። አንተም መማር ያለብህ ይህንን ነው። የሚገርምህ፣ ሰሌዳው አንተም ጋ አለ። የፓርኪንጉ ማናጀር የሳምንቱን ፈረቃ እንዴት ነው የሚያወጣው? ልገምት፦ ኤክሴል፣ አለበለዚያ ወረቀት። አንዱ ትምህርት አለው፣ አንዱ እሑድ ጠዋት ቤተ ክርስቲያን ነው፣ አንዱ ዓርብ ከሰዓት ጁምዓ አለበት፣ አንዷ ማታ ሠርታ ጠዋት ልትደገም አይገባም። አንድ ሰው «አሞኛል» ብሎ ሲደውል ሁሉም ይናጋል። ለሁለት ሳምንት አጠገቡ ቁጭ በል። ኮድ ሳትጽፍ በፊት የሚያናድደውን ነገር እሱ ራሱ በሚናገርበት ቃል ጻፈው። ከዚያ ትንሽ ነገር ሥራለትና ይሞክረው።

አሁን ወደ ከባዱ። እንዲህ ያለ ሥራ ክሊራንስ፣ ማለትም የመንግሥት ምስጢር ለማየት የሚያስችል ፈቃድ፣ ይጠይቃል። ክሊራንስ የሚሰጠው ለአሜሪካ ዜጋ ነው፤ በግሪን ካርድ አይሆንም። ዜግነት ለመጠየቅ በግሪን ካርድ አምስት ዓመት መሙላት አለብህ፤ ማመልከቻውን 90 ቀን ቀደም ብለህ ማስገባት ይቻላል። ስለዚህ ሁለት ዓመት ገደማ አለህ ማለት ነው። ዜጋ ብትሆንም እንኳ ክሊራንስ በራስህ አታወጣም፤ የሚቀጥርህ ድርጅት ነው የሚያስጀምርልህ። «ኮርሳችንን ውሰድ፣ ክሊራንስ እናስወጣልሃለን» የሚልህ ካለ ገንዘብህን ይዘህ ውልቅ በል።

እናትህ ደሴ መሆናቸው ብቻውን አያስጥልህም። የክሊራንሱ ቅጽ ላይ በውጭ ያሉ ዘመዶችህን፣ ጉዞህን፣ ለውጭ ዜጋ የምትሰጠውን ድጋፍ ትጠየቃለህ፤ ሁሉንም ትጽፋለህ። አንድን ሰው የሚያስወድቀው አብዛኛውን ጊዜ መላኩ ሳይሆን መደበቁ ነው። ከዛሬ ጀምረህ ደረሰኝ ባለው መንገድ ላክ፤ በጓደኛ ጓደኛ በኩል የሚሄደውን ተወው፣ ምንዛሬው ቢጣፍጥም። ሌላ አንድ ነገር ሳልነግርህ አላልፍም፦ ጫት። ቤት ውስጥ ቅዳሜ ከጓደኛ ጋር መሆኑ ለውጥ የለውም። ውስጡ ያለው ካቲኖን በፌዴራል ሕግ የተከለከለ ነው፣ ቅጹም ስለ አደንዛዥ ዕፅ ይጠይቃል። ማሪዋናም ቨርጂኒያ ብትፈቅደው ፌዴራሉ አልፈቀደውም።

ሳትጠይቀኝ የምነግርህ ደግሞ አለ። «እኔ የምሠራው የነዳጅ ፕሮግራም ነው እንጂ ቦምብ አይደለም» ማለት ሊያምርህ ይችላል። ነዳጅ የሞላው ጄት ግን ባዶ እጁን አይሄድም። ጦርነት ካየ አገር የመጣን ሰዎች ይህንን ለማወቅ አስተማሪ አያስፈልገንም። ሥራውን አክብረው የሚሠሩ ሐበሾች አውቃለሁ፤ ገብተው እንቅልፍ አጥተው የወጡም አውቃለሁ። ኢንተርቪው ሳትደርስ በፊት ከራስህ ጋር ጨርሰው። ካልተመቸህ ይሄው ችሎታ አየር መንገድ ውስጥ፣ ሆስፒታል ውስጥ፣ የጭነት ድርጅት ውስጥ ይፈለጋል፤ ዜግነትም አብዛኛውን ጊዜ አይጠይቁህም። እንዲያውም እነዚህን ሁለት ዓመታት እዚያ ብታሳልፋቸው እመርጣለሁ።

ማናጀሩ በፈረቃ ፕሮግራምህ አንድ ወር ከሠራበት በኋላ ጻፍልኝ። የትኛው ቦታ ላይ እንዳማረረብህና አንተ ምን እንደቀየርክ ጨምርበት። ሲቪህን በዚያ እንጀምረዋለን።