ከአንድ ሊትር ናፍጣ ላይ ለመንገድ የሚቆረጠው

ስለ መንገድ ጥገና ገንዘብ ከደረሱን ጥያቄዎች አምስቱን መርጠናል።

ጥያቄ፦ ነዳጅ ስቀዳ ለመንገድ እየከፈልኩ ነው ይሉኛል። የኛ ሰፈር ኮረኮንች ግን ማንም አልነካውም። ገንዘቡ የት ይገባል?

መልስ፦ ክፍያው የነዳጁ ዋጋ ሲወጣ አብሮ ስለሚሰላ ማደያ ላይ ለብቻው አይታይዎትም። ገንዘቡ የሚገባው ወደ መንገድ ፈንድ ነው። ፈንዱ በአዋጅ ቁጥር 66/1989 ሲቋቋም ከነዳጁ ሌላ የመንግሥት በጀት፣ በአክስል (ጎማዎቹ በተያያዙበት ዘንግ) ጭነት ላይ ተመስርቶ በየዓመቱ የሚከፈል የተሽከርካሪ ፈቃድ ማደሻና የትርፍ ጭነት ቅጣት ምንጮቹ እንዲሆኑ ተደንግጓል። በመነሻው ቀመር 70 በመቶው ለፌዴራል መንገዶች፣ 20 በመቶው ለክልሎች፣ 10 በመቶው ለከተሞች ይደርስ ነበር። የሰፈርዎ መንገድ ድርሻ ያለው ለከተሞች ከሚደርሰው ነው። ደግሞም ገንዘቡ ለጥገና እንጂ ለግንባታ አይደለም። ከመጀመሪያውም ተሠርቶ የማያውቅ መንገድ «ይጠገን» ቢባል ከዚህ ኪስ አይወጣለትም፤ ጥያቄውን ለከተማው የግንባታ በጀት ያቅርቡ።

ጥያቄ፦ የጭነት መኪና ሹፌር ነኝ። ሁለት ቶን ብጨምር አስፋልቱ ምን ይሆናል? ሚዛን ጣቢያ ላይ ቅጣቱ ለምን ይከብዳል?

መልስ፦ ብዙ ይሆናል። ከ1958 እስከ 1960 (እ.ኤ.አ.) አሜሪካ ኢሊኖይ ውስጥ በተደረገው ትልቅ የመንገድ ሙከራ እንደታየው፣ የአክስል ክብደት ሲጨምር ጉዳቱ በግምት በአራተኛ ኃይሉ ይጨምራል። አሥር ቶን የሚሸከመውን አክስል አሥራ ሁለት ቢያሸክሙት 1.2 አራት ጊዜ በራሱ ሲባዛ 2.07 ይመጣል። ጭነቱ በ20 በመቶ ጨምሮ ጉዳቱ እጥፍ ሆነ ማለት ነው። ናፍጣው ግን እጥፍ አይሆንም፤ ስለዚህ ለፈንዱ የሚገባው ሳንቲምም እጥፍ አይሆንም። ልዩነቱን የሚሸፍነው መንገዱ ራሱ ነው። 8 ቶን የሚጫነው አንድ አክስል 0.8 ቶን ከሚጫነው የቤት መኪና አክስል ጋር ሲነጻጸር ጉዳቱ አሥር ሺህ እጥፍ ነው።

አንድ ነገር ልብ ይበሉ፦ ጠቅላላ ክብደቱ ልክ ሆኖም አንዱ አክስል ከተፈቀደለት ሊያልፍ ይችላል። ሲሚንቶውን ከኋላ ከቆለሉት የኋላው ያልፋል። ሲጭኑ ያሰራጩት።

ጥያቄ፦ የአዲስ አበባ–አዳማ ፈጣን መንገድ ክፍያም ፈንዱ ውስጥ ይገባል?

መልስ፦ አይገባም። የሚሰበስበው የክፍያ መንገዶችን የሚያስተዳድረው ድርጅት ነው፤ ሂሳቡም በተሽከርካሪው ዓይነትና በሄዱበት ርቀት ይሰላል።

ጥያቄ፦ በበጋ የተደፈነ ጉድጓድ ሐምሌ ላይ ተመልሶ ይከፈታል። ገንዘብ ማጥፋት አይደለም?

መልስ፦ ችግሩ አደፋፈኑ ነው። ጠርዙ ጤነኛ አስፋልት እስኪገኝ ድረስ በአራት ማዕዘን ይቆረጣል። የላላው ጠጠር፣ ውሃውና አቧራው ይወጣል፤ ከሥር ያለው አፈር ረጥቦ ከለሰለሰ እሱም ይነሳል። ታቹና ጎኑ ስስ ሬንጅ ይቀባል። ትኩሱ አስፋልት ከ5 እስከ 7 ሳንቲሜትር በሆነ ንብብር እየተጨመረ ይጠቀጠቃል፤ መጨረሻ ላይ ከመንገዱ ጥቂት ሚሊሜትር ከፍ ብሎ ይቀራል። ብዙ ጊዜ የምናየው ግን ውሃ ባቆረ ጉድጓድ ላይ አካፋ አስፋልት ደፍቶ በመኪና ጎማ መጠቅጠቅ ነው።

ይህን በትክክል ሠርቶም ቦዩ በፌስታልና በአፈር ከተሞላ ውሃው ከጎን ገብቶ መሠረቱን ያላላዋል። ቦይና ካልቨርት (ውሃውን ከመንገዱ ሥር የሚያሳልፈው ቱቦ) የሚጠረገው ግንቦት ላይ፣ ክረምቱ ሳይገባ ነው። ርካሹ ሥራ ይህ ነው፤ በጀት ሲጎድል ቀድሞ የሚተወውም ይኸው። የዓለም ባንክ በ1994 (እ.ኤ.አ.) እንዳሰላው፣ በአፍሪካ ከዚያ በፊት በነበሩት አሥር ዓመታት 12 ቢሊዮን ዶላር በወቅቱ ለጥገና ቢውል ኖሮ 45 ቢሊዮን ዶላር የመልሶ ግንባታ ወጪ ይድን ነበር።

ጥያቄ፦ ቨርጂኒያ ነው የምኖረው። የኤሌክትሪክ መኪና ሳስመዘግብ የመንገድ መጠቀሚያ ብለው አስከፈሉኝ። ቤንዚን አልቀዳም፣ ለምን?

መልስ፦ ስለማይቀዱ ነው። የአሜሪካ ፌዴራል መንግሥት የቤንዚን ታክስ በጋሎን 18.4 ሳንቲም ላይ ከ1993 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ቆሟል፤ የግንባታ ዋጋ ግን አልቆመም። የመኪናው ነዳጅ አጠቃቀም በቀነሰ ቁጥር ገቢው አብሮ ይቀንሳል። ቨርጂኒያ ይህን ክፍተት በምዝገባ ክፍያ ትሞላለች። በዓመት ጥቂት ማይል ብቻ ከነዱ ግን በማይል የመክፈል አማራጭ አለልዎት፤ ቢበዛም ከመደበኛው ክፍያ አያልፍም፣ ይጠይቁ። ኒውዚላንድም ከሚያዝያ 2024 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ቀላል የኤሌክትሪክ መኪናዎችን በ1,000 ኪሎ ሜትር 76 የኒውዚላንድ ዶላር ታስከፍላለች። በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪናዎች እንዳይገቡ የከለከለችው ኢትዮጵያም በነዳጅ ሊትር ላይ የተመሠረተውን የመንገድ ገቢ በምን እንደምትተካ ከወዲሁ ልትሠራው የሚገባ ሂሳብ ነው።