ስኖውራነር ላይ ጭቃ ውስጥ ስለሚተከል መኪና

ወንድሜ፣ ስኖውራነር በተባለው የቪዲዮ ጨዋታ ላይ የጫነው መኪናዎ ጭቃ ውስጥ ለምን እየተተከለ እንደሚያስቸግርዎ ጠይቀዋል። በ2020 የወጣው ይህ ጨዋታ መሬቱ ከጎማው ሥር እየተቆፈረ እንዲሄድ ተደርጎ የተሠራ በመሆኑ፣ ጎማው ባለበት በተሽከረከረ ቁጥር ጉድጓዱ ይጠልቃል። እዚህ ድሬዳዋ፣ ደቻቱ ወንዝ አሸዋ ላይ አይሱዙ ሲያዝ ያየ ሰው ነገሩ ወዲያው ይገባዋል፤ ሾፌሩ ነዳጅ በሰጠ መጠን የኋላ ጎማው ይብሱን ይቀበራል። ስለዚህ ጭቃው ጋ ሳይደርሱ ዝቅተኛውን ማርሽ ያስገቡ፤ መኪናው ካለውም ዲፈረንሻል ሎኩን (የግራና የቀኝ ጎማዎቹ እኩል እንዲሽከረከሩ የሚያደርገውን) ይቆልፉ፤ ደረቅ መንገድ ላይ ሲወጡ ግን ይክፈቱት፣ ነዳጅ ይበላልና። ዊንቹን፣ ማለትም መኪናውን የሚጎትተውን ገመድ፣ ወፍራም ዛፍ ላይ ያያይዙት፤ ቀጭኑ አይችልም። ተራው ዊንች ሞተር ከጠፋ ስለማይሠራ፣ ነዳጁ ሳያልቅ ይጠቀሙበት።